የአያቶች ቀን በሰፈራችሁ፦ የቤተሰብ ታሪክ የሚጻፍበትን ዝግጅት ከሀ እስከ ፐ ማሰናዳት

አያቴ ሰባት ቤት ትቆጥር ነበር። ጥጥ እየፈተለች፣ እንዝርቷ ሳይቆም፣ አባቷን፣ የአባቷን አባት፣ የእሱን አባት እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። «አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» እል ነበር። ያ ቀን ሳይመጣ አረፈች። አሁን በቤታችን ከአባቷ በላይ የሚታወቀው ሦስት ስም ብቻ ነው። ሌላው አብሯት አፈር ገባ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ቁጭት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ሆነን ሦስት ጊዜ «የአያቶች ቀን» አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው አልተሳካም። እንግዳ ተናጋሪ ጋበዝን፣ ማይክ ተከራየን፣ ወንበር በረድፍ ደረደርን። ስለ ታሪክ ጥቅም አንድ ሰዓት ሙሉ ተወራ። አዛውንቶቹ ከፊት ተቀምጠው አጨበጨቡ። ሲያልቅ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «እኛን የሚጠይቀን የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መድረክ አልሠራንም። አሁን የምናደርገው ቀላል ነው። አንድ ጠዋት የሰፈሩ አዛውንቶችና ልጆቻቸው በየጠረጴዛው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ አያቶቹ ይናገራሉ፣ አንድ ሰው ይጽፋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስሞች የተጻፉበት አንድ ትልቅ ወረቀትና አንድ የድምፅ ቅጂ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይኸው ነው። ቀጥሎ የማወራው ይህ እንዲሆን ምን ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

ስሙን በጥንቃቄ ምረጡ

«ዘር መቁጠር» የቆየ፣ ጥሩ ቃል ነው። ዛሬ ግን ጆሮ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነገር ያሰማል። ማስታወቂያ ላይ «የዘር ቆጠራ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹ ሰው አይመጣም፤ የመጣውም እየተጠራጠረ ነው የሚቀመጠው። «የአያቶች ቀን» ወይም «የቤተሰብ ታሪክ ቀን» በሉት። የምትሞሉት ወረቀት ላይ የብሔርም የሃይማኖትም ሳጥን አይኑር። ቤተሰቡ ራሱ ካነሳው ይጻፍ፤ እናንተ ግን አትጠይቁ።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የሰው ዘር መጠየቅ ሰውን ለማክበር ብቻ አልዋለም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ለማሳነስም ውሏል። ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩትን የወይጦ ጎረቤቶቻችንን ለማራቅም ውሏል። ስለዚህ በሩ ላይ አንድ ሕግ ይነገር፦ እዚህ ቤት ማንም የሌላውን አያት አይመዝንም። ይህን የሚናገረው የሚከበር ሽማግሌ ይሁን። የወይጦ አዛውንቶች ስለ ጣና የሚያውቁትን ሌላው አያውቀውም፤ ሲመጡም እንደ ማንኛውም እንግዳ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጡ እንጂ «እስቲ ስለ ታንኳ አሳዩን» ተብለው ትርኢት አይደረጉ።

ከዕድር ጀምሩ

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ። ዕድሩ አለ። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብርጭቆና ሳህን አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው እምነት አለው። የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ አነጋግሩ። አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ ይበቃል፦ ከዕድሩ ሁለት፣ ከወጣቶች ሁለት፣ አንድ አስተማሪ። ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ እናቶች ለሴት ልጅ የሚነግሩት ለወንድ ከሚነግሩት ይለያል።

የዕድሩን መዝገብም አትርሱ። አባል ሲመዘገብ እናት አባቱ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች በስም ይጻፋሉ፤ ለቀብር ማን እንደሚቆጠር ለማወቅ። አሮጌ መዝገብ ካለ ትልቅ ሀብት ነው። በእኛ ዕድር አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ደብተር ተገኘ። የአንድ ጎረቤታችን አያት ስም ከነመንደራቸው እዚያ ላይ ነበር። ቤተሰቡ ያንን ስም ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰው ለመጥራት የዕድር ጡሩምባ አታስነፉ። ሰው ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ቤት ለቤት ሂዱ።

ለቀበሌው በዕድሩ ማኅተም ደብዳቤ አስገቡና ፈቃድ ያዙ፤ የጸጥታ ክፍሉም ይወቅ። የአሁኑን ጊዜ ታውቁታላችሁ። ዝግጅቱ በጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት ይለቅ። አያቶችን ለዚህ ብላችሁ ከሩቅ ገጠር አታስመጡ፤ መንገዱ ካልተመቸ በስልክ ይነጋገሩ። ዘጌ ወይም ደቅ ያሉትንም በጀልባ አታንገላቷቸው። አንድ ጸሐፊ ወደ እነሱ ይሂድ፣ ያውም በጠዋት፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል።

ቀኑ

ክረምት አይሆንም። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሰው አታገኙም። ቅዳሜ ገበያ ነው። እኛ የለመድነው ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ከአዲስ አበባም ከውጭም ለበዓል የመጡ ዘመዶች ገና አልተመለሱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ 3 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁና ረመዳን ወይም ዒድ ላይ እንዳይወድቅ አስተካክሉ። ሚያዝያ ባሕር ዳር ላይ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ድንኳኑን ዛፍ ጥላ ሥር ትከሉት።

ምግብ ላይ አትጨነቁ። ሥጋ አይኑር፤ ሁሉም አብሮ እንዲበላ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቡና። ለ60 ሰው አንድ ኪሎ ቡና ይበቃል። የዘጌ ቡና ካገኛችሁ ወሬውን ራሱ ያስጀምረዋል።

አዛውንቶቹን ሄዳችሁ ጋብዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር አዛውንት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጸሐፊ አይዳረስም። ከሦስት ሳምንት በፊት እያንዳንዳቸው ቤት ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ስኳር ወይም ቡና ያዙ። ዓላማውን ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። «ምን አውቅና ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ «እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ወሬው እዚያው ይጀምራል። ዋናውን ለዕለቱ አቆዩላቸው።

በዚያ ጉብኝት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ጆሯቸው ምን ያህል ይሰማል? በደንብ የማይሰሙትን ጥግ ላይ አስቀምጧቸው። ሁለተኛ፣ ከቤተሰቡ ማን አብሯቸው ይመጣል? አያት ብቻዋን ከመጣች ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ የልጅ ልጅ ካለች ግን ታሪኩ የሚሄድበት አለው። ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ነገር፦ ፎቶ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የክርስትና ካርድ፣ የአርበኝነት ሜዳልያ፣ የፋብሪካ ባጅ። ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው።

ጸሐፊዎቹን አሠልጥኑ

ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ጸሐፊ ያስፈልጋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ከሁሉ በላይ ዝም ማለት የሚችል። ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት ሰብስቧቸው። ሁለት ሁለት ሆነው የየራሳቸውን አያት ይጠያየቁ። ግማሾቹ የአያታቸውን እናት ስም አያውቁም። ይህን ሲያዩ ሥራው ይገባቸዋል።

የምትነግሯቸው ይህን ነው፦

አንቱ በሉ። ቸኩላችሁ አታቋርጡ። አዛውንቱ ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዝምታ በኋላ ነው። «መቼ ተወለዱ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ፈተና ይመስላል፣ ሰውም ይሸማቀቃል። በነገር ጀምሩ፦

— ስምዎን ማን አወጣልዎ? ለምን?
— ባሕር ዳር የመጡት ከየት ተነስተው ነው? በእግር ነው በመኪና? ማን ተቀበለዎ?
— ሲዳሩ ስንት ዓመትዎ ነበር? ሚዜዎቹ እነማን ነበሩ?
— ቤት ውስጥ የሚቆጣው ማን ነበር? የሚያባብለውስ?
— እናትዎን የሚመስል ከልጆችዎ ማን ነው?

የስም ጥያቄ በተለይ ብዙ ይከፍታል። ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ካገኛችሁ ከእሱ በፊት የሞተ ሰው ሊኖር ይችላል። «ማንን ነው ያስረሳው?» ብላችሁ በለሆሳስ ጠይቁ። በእኛ ዝግጅት አንዲት ልጅ አያቷን እንዲህ ስትጠይቅ፣ በፈንጣጣ የሞቱ ሁለት ታላላቅ እህቶች እንደነበሩ ሰማች። ስማቸውን ከሰባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ጻፈችው።

ድምፅ ሲቀረጽ ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ በመሃል ሲደወል ቀረጻው ይቋረጣል። የታጠፈ ነጠላ ላይ፣ አዛውንቱ አፍ አጠገብ አስቀምጡት። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ሙሉ ስም በድምፅ ተናገሩ። ፈቃዳቸውንም በድምፅ ቅረጹ። «ይህን ልጆችዎ ብቻ ይስሙት ወይስ ሌላም ሰው?» የሚለው ጥያቄ መዘለል የለበትም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁለት ፓወር ባንክ ይኑር።

ወረቀቱ፦ እናቶች እንዳይጠፉ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ቤት የሚስተው እዚህ ነው።

ትልቅ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ውሰዱ። አዛውንቱን መሃል ላይ አድርጉ። ወደ ላይ፦ 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች። ወደ ታች፦ ልጆች፣ የልጅ ልጆች። ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ። ሳጥኖቹን ሁሉ አስቀድማችሁ ሥሩ፣ ባዶ ቢሆኑም።

ባዶ መሥራቱ ለምን ይጠቅማል? እኛ ስማችን የአባት ስም ነው። ከአባት ወደ አባት ብቻ ነው የምንወጣው። አባትን አንድ ብለን ወደ ላይ ብንቆጥር በሰባተኛው ቤት ላይ ያሉን ቅድመ አያቶች 128 ናቸው። በአባት መስመር ብቻ የምትቆጥር ከሆነ ከእነዚህ የምትይዘው አንዱን ነው። ሴቶቹ ሁሉ ይወድቃሉ። ባዶው ክብ ወረቀቱ ላይ ሲታይ ግን አዛውንቱ ራሳቸው «ቆይ፣ እሷስ ማን ነበረች?» ይላሉ።

የድሮ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር። ርስት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት፤ በእናቱ በኩል የተሻለ መሬት ካለ በእናቱ ይቆጥራል። ለጋብቻም እንዲሁ፤ ሰባት ቤት ካልራቀ አይጋቡም። ስለዚህ መቁጠር የዕለት እንጀራ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሁሉ ቆጠራ ሥራ ፈታ። ከዚያ በኋላ የተወለድን ሰዎች አያቶቻችንን የማንቆጥረው ሰነፎች ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ የሚያስቆጥረን ጠፍቶ ነው። ዛሬ ከ70 በላይ የሆኑት ግን ገና ቃሉ አፋቸው ላይ አለ።

ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አራት ነገር ጻፉ፦ ሌላ መጠሪያ፣ አገር፣ ዘመን፣ ሥራ።

ሌላ መጠሪያ ያልኩት የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ለወንዶች የፈረስ ስም ካለ እሱን ነው። አንድ ሰው በሦስት ስም ይጠራና በኋላ ሦስት ሰው መስሎ ይታያል። ስለ ክርስትና ስም ቤተሰቡ ከረሳው የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ፤ ለፍትሐትና ለተዝካር የሚጠራው እሱ ነው።

አገር ስትጠይቁ ወረዳውን ብቻ አትያዙ። ወረዳና ቀበሌ በየመንግሥቱ ተቀያይሯል። «አጥቢያው የት ነው?» በሉ። ሜጫ፣ አቸፈር፣ ይልማና ዴንሳ፣ ደራ፣ ፎገራ፣ ደንቢያ ካሉ በኋላ የደብሩን ስም ጨምሩበት። ደብሩ ቦታውን አይለቅም። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ መስጊዱን ወይም የመቃብሩን ቦታ ጠይቁ።

ያልታወቀውን ሳጥን ባዶውን ተዉት፣ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። የተጠራጠሩትን በእርሳስ ጻፉ። ለማስደሰት ብላችሁ ስም አትሙሉ። ትልቅ ሰው ቤተሰብ ውስጥ ለመክተት የሚፈልግ አይጠፋም፤ «እንዲህ ይባላል» ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

ዓመቱን እንዴት እናውጣ?

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ክረምት ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ጥሩው ነገር አያቶቻችን ዓመት ባይቆጥሩም ምልክት አላቸው።

ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም ገመድ ወጥሩና ካርዶች አንጠልጥሉ፦ ጣሊያን የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ በላይ ዘለቀ የተሰቀለበት 1937፣ የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ያመፀበት 1960፣ አብዮቱ 1966፣ እድገት በኅብረት 1967፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀበት 1983። የከተማችንንም ጨምሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ በ1950ዎቹ ነው የተከፈቱት። «ፋብሪካው ሊቀጥር ነው ሲባል መጣን» የሚል ብዙ ቤተሰብ አለ። አዛውንቱ ገመዱ አጠገብ ይቁሙና «ያኔ እኔ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይበሉ። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመቱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ይጠብባል።

ከዚህም የሚያጠብ አለ፤ ዘመነ ወንጌላዊው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ።

አንድ ጠረጴዛ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። መታወቂያቸው ላይ 1942 የሚል አንዲት እናት ነበሩ። «ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየ፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ ክርስትና የተነሳሁት ለአስተርእዮ ማርያም ነው ትለኝ ነበር እናቴ» አሉ። ጸሐፊዋ ወረቀት አወጣች። ዮሐንስ የሚሆኑት 1932፣ 1936፣ 1940 ናቸው። በ1932 ጣሊያን ገና አልወጣም። 1940 ሩቅ ነው። ስለዚህ 1936። አስተርእዮ ማርያም ጥር 21 ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ኅዳር መባቻ ላይ ይደርሳል። ልጅቷ «እማማ፣ የተወለዱት በ1936፣ ኅዳር ሲጠባ ነው» አለቻቸው። እማማ ጣታቸውን አጣጥፈው ራሳቸው ቆጠሩት። ከዚያ «አዎ፣ አጨዳ ነበር ትል ነበር» አሉ። ስድስት ዓመት ጨመሩ፣ ግን ደስታቸውን ያየ ሰው አይረሳውም።

ወንድ ልጅ ከሆነ 40 ቀን ነው የምትቀንሱት። በረመዳን ወይም በዒድ ተወለድኩ ለሚል ሰው ግን ወሩን ከወቅቱ ጋር አታጣብቁት፤ የእስልምና ወሮች በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። የዝናብ ወይስ የበጋ እንደነበር ጠይቁ። ውጭ ያሉ ዘመዶች ዓመት ሲልኩ ደግሞ የእኛ ነው የፈረንጅ ብላችሁ አረጋግጡ፤ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው፣ ብዙ ወረቀት ያበላሻል።

ዕለቱን በቡናው አስኪዱት

የሰዓት ዝርዝር ጽፈን ነበር፣ ማንም አልተከተለውም። ቡናው ግን ራሱ ሰዓት ነው።

መክፈቻው አሥር ደቂቃ አይለፍ። የዕድሩ ዳኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ይበሉ፣ ያንን ሕግ ይናገሩ፣ ይቀመጡ። ከዚያ ቡናው ይቆላ፤ ጭሱ በየጠረጴዛው ሲዞር ሰው ይላላል።

በአቦል ስም ብቻ። ወረቀቱ ይሞላ፣ ሳጥን በሳጥን። ታሪክ ከመጣ ጸሐፊው ጥግ ላይ በአንድ ቃል ምልክት ያድርግና ይመለስበት።

በቶና ታሪክ። አሁን ቀረጻው ይጀመር። ከ40 ደቂቃ አይለፍ፤ አዛውንት ይደክማሉ። የልጅ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ጸሐፊው ወደ ኋላ ይበል።

በበረካ ፎቶና ሰነድ። መስኮት ወይም ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ፎቶውን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ ያለ ፍላሽ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ፤ የፎቶ ቤት ማኅተምና ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከአልበም ላይ የተጣበቀውን አትላጡ። አሮጌ ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ። ፎቶ ላይ ስም መጻፍ ካስፈለገ ከጀርባ፣ በእርሳስ፣ ቀስ ብሎ። ዋናውን ለባለቤቱ እዚያው መልሱ፤ «ነገ አመጣለሁ» ተብሎ የሚወሰድ ፎቶ አይኑር። አንዴ እንዲያ ተደርጎ ሁለት ቤተሰብ ተኮራርፏል።

አንድ አዛውንት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከጋቢያቸው ሥር ላስቲክ አወጡ። ላስቲኩ ውስጥ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ በአራት የታጠፈ የግብር ደረሰኝ። እጥፋቱ ላይ ሊቆረጥ ደርሷል። የአባታቸው ስም ከነአያታቸው በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። የልጃቸው ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ጣቱን ሳያስነካ ከላይ ከላይ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበው። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። ያንን ወረቀት ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት የሰሙት ያን ቀን ነው።

የሚያም ነገር ሲመጣ

ይመጣል። የቀይ ሽብር ጊዜ፣ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ፣ በ77 ድርቅ መንገድ ላይ የቀረ ሕፃን፣ ሳይወድ የተዳረ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ የቅርቡም ሐዘን። ጸሐፊው «እሺ ከዚያስ?» አይበል። ስልኩን ያጥፋው፣ ውኃ ይስጣቸው፣ አብሮ ይቀመጥ። «ይህ ይጻፍ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቅ። ይቅር ካሉ ይቀራል፤ የተቀዳውም እፊታቸው ይጥፋ። አባቱን የማያውቅ ሰው ካለ ሳጥኑን በእናቱ በኩል ይጀምር፣ ምክንያት አይጠየቅ። ከሐዘን የቀረበ ቤት ካለ መጀመሪያውኑ አትጋብዙ፤ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ምንም ነገር በዕለቱ አይለጠፍ። በሕይወት ያለ ሰው የትውልድ ቀንና የእናት ስም ለሌባም ይጠቅማል።

ከዝግጅቱ በኋላ

ሰው የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው። በሁለተኛው ዝግጅታችን አሥር ወረቀት ይዘን ቀርተን ለአራት ወር አልመለስንም። በመሃል አንድ አባት አረፉ። ልጆቻቸው የእናታቸውን ፎቶና የእሳቸውን ድምፅ ለቀስተኛ ፊት ሊያሰሙ ፈልገው ስልኬ ላይ ፍለጋ ገባሁ። ያንን አይነት ኀፍረት ለማንም አልመኝም።

ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን ጨርሱ። ወረቀቱ በጥሩ እጅ ተገልብጦ ይጻፍ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ተተይቦ ይታተም፣ በትልቅ ፊደል። ድምፁና ፎቶው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ በቤተሰቡ ስልክ፣ በፍላሽ፣ በጎግል ድራይቭ። ፋይሉን «ድምፅ 1» አትበሉት፤ የአዛውንቱን ስምና ቀኑን ስጡት። የኮሚቴው ቅጂ ቤተሰቡ ካልፈቀደ ይሰረዝ።

ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ ቤተሰብ መንገዱን አሳዩት። የትውልድ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በጣና ገዳማትም ሆነ በገጠር አድባራት አሮጌ የብራና ወንጌሎች ላይ የርስትና የጉልት ማስታወሻ፣ ከነሰዎቹ ስም፣ ይገኛል። መጽሐፉን ለማየት አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ የሚገልጠው ካህኑ ይሁን። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ጥያቄያችሁን ለሚገባ ወንድም ጽፋችሁ ስጡት። አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) የድሮ ጋዜጦችና የመንግሥት መዛግብት አሉት፤ የአርበኛ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ አያት ያለው ሰው እዚያ ቢጠይቅ ይሻላል።

ወረቀቱን ስትመልሱ ቤት ሄዳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ስም በስም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እርሳስ ያዙ። «አይ፣ ይህችስ የእሷ ታላቅ ናት» ይሏችኋል። «ውይ፣ አንዱን ረስቼው» ይላሉ። ከዝግጅቱ ቀን ይልቅ በዚህ ቀን የሚወጣው ስም ይበዛል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያስቡ ከርመዋላ። ስለዚህ ቦታ ያለው ወረቀት ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡናም ቢቀርብላችሁ እስከ በረካ ጠጡ።